ሳቅና ሽብር፦ «የስታሊን ሞት» የተሰኘው ፊልም የገጠመው ሂስ

አርማንዶ ያኑቺ ከፋቢየን ኑሪና ከቲየሪ ሮቢን የፈረንሳይኛ የሥዕል ትረካ ተነሥቶ ያዘጋጀው «የስታሊን ሞት» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የብሪታንያ ሐያስያን በአድናቆት ተቀበሉት፤ ለባፍታ ሽልማትም ታጨ። ከሙገሳው ይልቅ ግን የሚያመራምረው የታሪክ ምሁራን ቅሬታ ነው።

ከእነዚህ ምሁራን አንዱ ሪቻርድ ኦቨሪ በርካታ ስሕተቶችን ነቅሷል። ሞሎቶቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ያጣው በ1949 ስለሆነ ስታሊን ሲሞት በዚያ ሥልጣን ላይ አልነበረም። ቤሪያም የጸጥታውን መሥሪያ ቤት በቀጥታ መምራት ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር። የተያዘው በጁን 1953፣ የተገደለው በዲሴምበር ሲሆን ፊልሙ ሁሉንም ከቀብሩ ሰሞን ጋር አጣብቆታል።

እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ እኩል ይመዘኑ ማለት ግን አይቻልም። ወራትን ወደ ቀናት ማጠፍ የሥልጣን ሽኩቻውን መንስኤ አይለውጥም፤ ቤሪያን የጣለው የጓዶቹ ፍርሃት እንደሆነ ተመልካቹ ይረዳል። የቀብሩ ትዕይንት ግን ሌላ ነው። በሞስኮ ጎዳናዎች ሐዘንተኞች ያለቁት በግፊያ ተረጋግጠው ነው፤ በፊልሙ ግን ወታደሮች ይተኩሱባቸዋል። ሕዝቡን መውጫ አሳጥቶ ያስጨረሰ የሥርዓት ዝርክርክነት የተኩስ እልቂት ሆኖ ሲቀርብ የጥፋቱ ባሕርይ ይለወጣል። በዚህ ነጥብ ከታሪክ ምሁራኑ ጎን እቆማለሁ።

በአንጻሩ ፈጠራ የሚመስሉት ትዕይንቶች ለእውነቱ የቀረቡ ናቸው። በስታሊን የኩንትሴቮ መኖሪያ የነበሩት ጠባቂዎች ማርች 1 ቀን በሩን ለመክፈት ለሰዓታት አልደፈሩም። እሱን ሊያክሙ ይችሉ ከነበሩት ታላላቅ ሐኪሞች መካከል ብዙዎቹ «የሐኪሞች ሤራ» በተባለው ክስ ታስረው ነበር። የሞሎቶቭ ሚስት ፖሊና ዤምቹዢና ታስራ ሳለ ባሏ አሳሪውን ማገልገሉን አላቋረጠም፤ የተፈታችውም ስታሊን ከሞተ በኋላ ነው። ሳቁ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ሲል የገዛ ዓይኑን ሲክድ ከማየት። ያኑቺ ተዋንያኑ በየራሳቸው የእንግሊዝኛ አነጋገር እንዲጫወቱ ማድረጉንም ሁነኛ ውሳኔ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የውሸት የሩስያ ቅላጼ ቢጨመርበት ኖሮ ጭካኔው የባዕዳን ጠባይ ብቻ መስሎ በታየ ነበር።

በሩሲያ የተነሣው ተቃውሞ ሌላ መልክ ነበረው። የባህል ሚኒስቴሩ በጃንዋሪ 2018፣ ፊልሙ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፈቃዱን ሰረዘ። የሞስኮው ፒዮኔር ሲኒማ ቤት ቢያሳየውም ፖሊስ ደረሰበት። እገዳውን ከጠየቁት መካከል ዳይሬክተሩ ኒኪታ ሚኻልኮቭና የማርሻል ዡኮቭ ሴት ልጅ ይገኙበታል፤ የስታሊንግራድ ድል 75ኛ ዓመት መቃረቡም ቁጣውን አባብሶታል። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሙታን ክብር ለማስጠበቅ መቆርቆር ተገቢ ነው። ነገር ግን የፊልሙ ዒላማ ጦርነቱ ሳይሆን የፖሊት ቢሮው ነው። ጄሰን አይዛክስ የተጫወተው ዡኮቭ ሻካራና ጉረኛ ቢሆንም፣ ከዚያ ሁሉ ባለሥልጣን መካከል ቤሪያን የማይፈራው እሱ ነው።