ማስለቀቅ

«ለቀቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በቤት ኪራይ ጉዳይ አከራይ ቤቱን ከተከራይ በሕግ መንገድ መልሶ መረከቡን ይገልጻል። ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት ወይም መብራት መቁረጥ ግን ስሙ ማባረር ነው።

የተለመደው መነሻ ውዝፍ ኪራይ ነው፤ የመክፈያ ቀኑ አልፎ ያልተከፈለ ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል ከማፍረስ በፊት በመርሕ ማስጠንቀቂያን ያስቀድማል። ተከራዩ ካልከፈለም ካልወጣም ክስ ይከተላል፤ ፍርዱ በአፈጻጸም ይከበራል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ቅድመ ክፍያን በሁለት ወር ኪራይ ስለገደበ፣ አከራይ በእጁ የሚይዘው መተማመኛ አነስተኛ ነው።

በክስ ጽሑፍ ላይ «ቤቱን ያስረክበኝ» እና «ውዝፉን ይክፈለኝ» ለየብቻ ይጠየቃሉ። ተከራይ ቁልፍ ስላስረከበ ብቻ ዕዳው አይሰረዝለትም።