የ18 ዓመት ኩርፊያ፣ የ4 ወር እርቅ

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2015፣ ቦታው ኒውዮርክ ከተማ ነው። በጂሚ ፋለን አቅራቢነት በሚተላለፈው የምሽት የቴሌቪዥን መሰናዶ ላይ፣ ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ የ«ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት» አባላት ብቅ ብለው ገና በወጣትነታቸው ያወጡትን አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ምክንያቱ የመጀመሪያ አልበማቸው 25ኛ ዓመት መከበሩ ነበር። በዚያ ምሽት የአድናቂዎቻቸው ደስታ ከጥርጣሬ ጋር የተቀላቀለ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። እነዚህን ሰዎች አብረው ሲቆሙ ከዚያ በፊትም አይተዋቸዋልና፤ ከመድረክ ሲወርዱ መልሰው ሲኮራረፉም አይተዋል።

የዚያን ዕለት ምሽት ግን ከቀድሞዎቹ የተለየ ነበር። በእነዚያው ሰዓታት የፓሪስ ከተማ በሽብር ጥቃት ስትናጥ አመሸች። የቡድኑ መሪ ኪው ቲፕ ኋላ እንደገለጸው፣ የዜናው ድንጋጤና የመድረኩ ሙቀት በአንድነት ሆነው አባላቱን ወደ አንድ ውሳኔ ገፏቸው፤ አዲስ አልበም ለመሥራት በዚያው ምሽት ተስማሙ። ከ1998 ወዲህ አብረው አልበም ሠርተው አያውቁም ነበር። ይህን ከተስማሙ አራት ወር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከመካከላቸው አንዱ፣ ፋይፍ ዶግ፣ በ45 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ለመሆኑ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያልተቻለው ነገር በአራት ወራት ውስጥ እንዴት ተቻለ? አድናቂዎችስ ብዙ ጊዜ ተስፋ ሰጥቶ የነሳቸውን ቡድን በመጨረሻ ለምን አመኑት?

የሴንት ኦልባንስ ልጆች

ኪው ቲፕና ፋይፍ ዶግ በኒውዮርክ ክዊንስ፣ ሴንት ኦልባንስ በሚባለው ሠፈር አብረው ያደጉ የልጅነት ጓደኞች ነበሩ። የፋይፍ ቤተሰቦች ከካሪቢያን ደሴት ከትሪኒዳድ የመጡ ሲሆኑ፣ እናቱ ገጣሚዋ ሼሪል ቦይስ ቴይለር ናት። ሸክላ አጫዋቹ አሊ ሻሂድ መሐመድ የብሩክሊን ልጅ ሲሆን ከኪው ቲፕ ጋር የተዋወቁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አራተኛው አባል ጃሮቢ ዋይት ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ቡድኑን ትቶ ወደ ምግብ ማብሰል ሙያ አዘነበለ።

ቡድኑ «ጀንግል ብራዘርስ» እና «ዴ ላ ሶል» ከተባሉት ጓደኞቹ ጋር «ኔቲቭ ታንግስ» የሚባለውን የአርቲስቶች ማኅበር መሠረተ። እነዚህ ወጣቶች አፍሪካዊ ማንነታቸውን የሚያከብሩ፣ ቀልድና ቁም ነገር አዋሕደው የሚያቀርቡ ነበሩ። «ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት» በተለይ የታወቀው የአባቶቹን የጃዝ ሸክላዎች ከአዲሱ የራፕ ምት ጋር በማስማማቱ ነው። በ1991 በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ላይ ስመ ጥሩው የጃዝ ባስ ተጫዋች ሮን ካርተር ራሱ ተሳትፏል።

ከአሮጌ ሸክላ ጥቂት ድምፅ ቆርጦ አዲስ ዘፈን የመሥራት ዘዴ ለአፍሪካ ቀንድ አድማጭም እንግዳ አይደለም። በ2010 ናስ እና ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በዚሁ መንገድ ገብቶ ተደምጧል። የአንድ ትውልድ ትዝታ ለሚቀጥለው ትውልድ ጥሬ ዕቃ ይሆናል ማለት ነው።

ይሁንና የቡድኑ ዋና ሀብት ከሸክላው ይልቅ የሁለቱ ጓደኛሞች ንግግር ነበር። ኪው ቲፕ ረጋ ባለ ድምፅ አሰላስሎ ይናገራል፤ ፋይፍ ደግሞ በአጭር ቁመቱ ላይ ሳይቀር እየቀለደ፣ በሠፈር ልጅ አንደበት ቁጭ ያደርገዋል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፤ አንዱ ሲከር ሌላው ያላላዋል። ሰሚው አንድ ዘፈን ብቻ ሳይሆን የሁለት ወዳጆችን ጨዋታ ያደምጣል። በኋላም ሁለቱ በየግላቸው አልበም ሲያወጡ አድማጭ የጎደለበት ይኸው ጨዋታ ነበር።

የኩርፊያው ሥር

አራተኛው አልበማቸው በ1996 በአሜሪካ የአልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከውጭ ሲታይ ቡድኑ ከፍታው ላይ ነበር። በውስጡ ግን ክሩ መላላት ጀምሯል። ፋይፍ ኑሮውን ወደ አትላንታ አዛውሯል፤ ኪው ቲፕ በበኩሉ እያንዳንዱን ድምፅ ደጋግሞ ካላጠራ የማይረካ፣ ሥራውንም የሚመራ ሰው ነበር። ፋይፍ የራሱ ድርሻ እየጠበበ፣ ሙገሳው ሁሉ ወደ አንድ ሰው እየሄደ እንደሆነ ይሰማው ጀመር። በዚህ ላይ ገና በ1990 የታወቀበት የስኳር በሽታ ነበረበት። በ1998 መጀመሪያ ደግሞ የኪው ቲፕ ቤት በእሳት ተቃጥሎ፣ ለዓመታት ያሰባሰባቸው ሸክላዎች ወደሙ። በዚያው ዓመት አምስተኛው አልበም ከመውጣቱ አስቀድሞ የቡድኑ መበተን ታወጀ።

ይህ መለያየት በአንድ ትልቅ በደል የመጣ አልነበረም። ያልተነገረ ቅሬታ፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ፣ የርቀት ኑሮ ተደማምረው የፈጠሩት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኩርፊያ ከትልቅ ጠብ ይልቅ ለእርቅ ያስቸግራል፤ ሽማግሌ ቢቀመጥ እንኳ «ይህ ነው በደሉ» ብሎ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝምና።

የመድረክ እርቅ

ከ2006 ጀምሮ ቡድኑ አልፎ አልፎ ወደ መድረክ ይመለስ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ለፋይፍ የሕክምና ወጪ ማስፈለጉ ነው። በ2008 ፋይፍ ከባለቤቱ በተለገሰው ኩላሊት የንቅለ ተከላ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት በተደረገው ጉዞ አዳራሹና ሜዳው በአድናቂ ሲሞላ፣ ከመድረኩ ጀርባ ግን ሁለቱ ጓደኛሞች ይጋጩ ነበር። ተዋናዩ ማይክል ራፓፖርት አዘጋጅቶ በ2011 ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ይህን ጠብ ለዓለም ሁሉ አሳየ። አድናቂዎችም የሚወዱት ጨዋታ የጠፋው ከዘፈኖቹ ብቻ ሳይሆን ከሰዎቹም መካከል መሆኑን በዓይናቸው ተመለከቱ።

ይህ ዕጣ የዚህ ቡድን ብቻ አይደለም። ስማቸውን «ስደተኞች» ከሚለው ቃል የወሰዱት «ፉጂስ»፣ ሁለተኛው አልበማቸው በ1996 ዓለምን ካዳረሰ በኋላ በዓመቱ ተለያዩ። በ2004 በዴቭ ቻፔል ጋባዥነት በብሩክሊን ጎዳና ላይ ተገናኝተው ሲጫወቱ አድናቂዎቻቸው ሦስተኛውን አልበም መጠባበቅ ያዙ። በ2005 አንድ አዲስ ዘፈን ወጣ፤ ጉዞም ተጀመረ፤ አልበሙ ግን ሳይመጣ ቀረ። በ2021 ዳግመኛ ተገናኝተው ያሳወቁት ጉዞ በ2022 መጀመሪያ ተሰረዘ። የአትላንታዎቹ «አውትካስት» ደግሞ በ2014 ከአርባ በሚበልጡ የሙዚቃ በዓላት ላይ አብረው ቢጫወቱም አዲስ አልበም አልተከተለም።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መድረክ የቀድሞውን ዘፈን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ የተኳረፉ ሰዎችም ቢሆኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊወጡት ይችላሉ። ቃሉ በቃል የተያዘ ነው፤ ሕዝቡም አብሮ ይዘምርላቸዋል። አዲስ ሥራ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። አንዱ ያመጣውን ሐሳብ ሌላው ሊሰማው፣ ሊያርመው፣ ሊስቅበት፣ አንዳንዴም ሊጥለው ይገባል። ይህ ደግሞ ያለ መተማመን አይሆንም።

አንድ ክፍል፣ አንድ ደንብ

በ2015 መጨረሻ ሥራው የተጀመረው በኒውጀርሲ በሚገኘው የኪው ቲፕ ቤት ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ነበር። ኪው ቲፕ አንድ ደንብ አወጣ፤ መሳተፍ የሚፈልግ ሁሉ በአካል ይምጣ። በዘመናችን አንድ አርቲስት በአንድ ከተማ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ሆነው ድምፃቸውን በኢንተርኔት እየተላላኩ ዘፈን መሥራታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ቤት ግን ይህ አልተፈቀደም። ፋይፍ በሕመም ላይ ሆኖም ከካሊፎርኒያ እየተመላለሰ ይሠራ ነበር። ጃሮቢም ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ ተመለሰ፤ የቆየ ወዳጃቸው ባስታ ራይምስ እና ሌሎችም በየተራ መጡ።

በዚያ ክፍል ሽማግሌ የሆነው ሥራው ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንዱ በሌላው ስንኝ መካከል እየገቡ፣ እንደ ልጅነታቸው እየተቀባበሉ ቀረጹ። ፋይፍ ለአልበሙ ርዕስ አወጣለት፤ ትርጉሙም «ከዚህ ወዲያ ለእኛ ተዉት፤ ስላገለገላችሁን እናመሰግናለን» እንደማለት ነው። ምን ማለቱ እንደነበር ግን ለጓደኞቹ ሳያብራራ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 ከስኳር በሽታው ጋር በተያያዘ ምክንያት አረፈ። የቀሩት አባላት ርዕሱን ሳይለውጡ፣ የተቀረጸ ድምፁን ይዘው ሥራውን ፈጸሙ።

ደስታና ሐዘን በአንድ ቀን

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2016፣ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሦስት ቀን በኋላ ነው። አሥራ ስድስቱ ዘፈኖች ከምርጫው በፊት የተሠሩ ቢሆኑም፣ በተለይ ስደተኞችንና ድሆችን ከአገር የሚገፋውን አስተሳሰብ በምፀት የሚነቅፈው ዘፈን ለዚያው ሳምንት የተጻፈ መሰለ። በማግሥቱ ቅዳሜ ቡድኑ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» በተባለው መሰናዶ ላይ ቀረበ። የምሽቱ አስተናጋጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት «ፉጂስ»ን ያገናኘው ዴቭ ቻፔል ነበር። የፋይፍ ተራ ሲደርስ ምስሉ ያለበት ትልቅ ጨርቅ ከላይ ተዘረጋ፤ ድምፁ ብቻውን ሲሰማ ጓደኞቹ ዝም ብለው ቆሙ።

ለአድናቂዎች ይህ እንግዳ ስሜት ነበር። ለአሥራ ስምንት ዓመታት የጠበቁት እርቅ መፈጸሙን ያረጋገጡት፣ ከታራቂዎቹ አንዱ ካለፈ በኋላ ነው። የ1991ዱን አልበም በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሰማ ልጅ በ2016 የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። እርሱ አዲሱን አልበም ሲከፍት የራሱን ወጣትነት ሊፈልግ ይችላል፤ ያገኘው ግን ከዚያ በላይ ነው። አንዱ ጀምሮ ሌላው የሚጨርሰው፣ እየተፎካከሩ የሚሳሳቁበት ያ ጨዋታ እዚያው ነበር። ይህ ተላልኮ የሚገኝ፣ ተለማምደውም የሚያስመስሉት ነገር አይደለም። ስለዚህም አመኑት። አልበሙ በወጣ በሳምንቱ በአሜሪካ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ለቡድኑ ይህ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን ርዕስ በዚያ ሳምንት የተመረጡትን ፕሬዚዳንት ስም ስለሚያስታውስ የፖለቲካ ዘፈን ይመስል ነበር። ሲደመጥ ግን የፋይፍ የቅጽል ስም ሆኖ ተገኘ፤ የጓደኞቹ መሰናበቻ ነበር።

አልበሙ ከወጣ ከስምንት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2016፣ በሴንት ኦልባንስ በሊንደን ጎዳና ማዕዘን ላይ ማሊክ «ፋይፍ ዶግ» ቴይለር የሚል የመንገድ ስም ተሰቀለ። በ2024 ደግሞ ቡድኑ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። ከስድስተኛው አልበም በኋላ ሰባተኛ አልበም አልመጣም። ከአድናቂዎችም ሰባተኛውን አጥብቆ የሚጠይቅ እምብዛም አይሰማም፤ ጨዋታው ለሁለት ነበርና።

ከዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ግን ከሠንጠረዥ ደረጃና ከሽልማት የራቀ ነው። ኩርፊያው የወሰደው አሥራ ስምንት ዓመት ነው፤ እርቁን ለመፈጸም የቀረው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነበር። በኖቬምበሩ ምሽት «ለከርሞ እናየዋለን» ተባብለው ቢለያዩ ኖሮ፣ ለአድናቂዎቻቸው የሚተርፈው የመድረክ ትዝታና የዘጋቢ ፊልሙ ጠብ ብቻ ይሆን ነበር።