መምህሩ ወደ ተማሪው ሲሄድ፤ የአባ ጎርጎርዮስ የጀርመን ጕዞ (1652)

ለትምህርት ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው ጕዞውን የሚጀምረው ከአገሩ ወሰን ሲወጣ አይደለም። ከመነሣቱ በፊት ስለዚያ አገር የሰማው፥ ያነበበውና በልቡ የጠበቀው ነገር ሁሉ የስንቁ ክፍል ነው፤ ከደረሰም በኋላ በመጀመሪያ የሚያየው ለማየት የተዘጋጀበትን ነው። ይህ ነገር እንግዳውን ተቀብሎ ለሚያስተናግደው ሰውም እንዲሁ ይሠራል፤ ባለቤቱ ስለ እንግዳው አገር አስቀድሞ ያሰበው አሳብ የጥያቄውን ዐይነት ይወስነዋልና። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያዊው መነኵሴ በአባ ጎርጎርዮስና በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ መካከል የተደረገው ግንኙነት ለዚህ ጕዳይ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የሆነ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። አውሮፓ ግዕዝን የተማረው በአብዛኛው በዚህ ቤት በር በኩል ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ ግዕዙንም የተማረው በዚያው ከተማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ነበር። ከዚያ በኋላ በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ1638 ደግሞ ያዕቆብ ዌመርስ የተባለ መነኵሴ የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት በሮማ አወጣ። እንግዲህ ኢትዮጵያን በዐይኑ ላላየ አውሮፓዊ ሊቅ የነበረው መሣሪያ እነዚህን የመሰሉ ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ።

ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ከብዙ ቋንቋዎች ጋር ግዕዝን ያለ መምህር ማጥናት ጀመረ። በአገራችን የትምህርት ሥርዓት ግን ሕፃኑ መጀመሪያ የሚገባው ንባብ ቤት ነው፤ ተነሽን ከተጣይ፥ ሰያፍን ከወዳቂ፥ የሚጠብቀውንም ከሚላላው የሚለየው ከመምህሩ አፍ እየሰማ ነው፤ ይህን ፊደሉ ራሱ አይናገርምና። ሉዶልፍ ንባብ ቤትን ሳያይ ወደ ትርጓሜው አለፈ ማለት ይቻላል።

በ1649 በፓሪስ የነበረው የስዊድን መልእክተኛ ለስዊድን ታሪክ የሚያስፈልጉ ጽሑፎችን እንዲፈልግ ሉዶልፍን ወደ ሮማ ላከው። የተላከበትን ጽሑፍ አላገኘም፤ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን ግን አገኘ። ቋንቋቸውን ለመማር መፈለጉን በነገራቸው ጊዜ፥ ይህ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሆን ነገር አይደለም ሲሉ መለሱለት። መጽሐፍ ይዞ ማንበብ ሲጀምር ባነባበቡ ሳቁ፤ ያነበበውን ሲተረጕም ግን ሳቃቸው ወደ መደነቅ ተለወጠ። በዚህ አጭር ታሪክ የመጽሐፍ ዝግጅት ጥቅሙም ጕድለቱም በአንድነት ይታያል። ቃሉን ያውቃል፥ ድምፁን አያውቅም፤ ምስጢሩ ገብቶታል፥ ንባቡ ግን አልተቃናለትም።

ከአራቱ መነኮሳት በዕውቀታቸው የታወቁት አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው፥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ጋር ተቀራርበው ስለ ነበረ፥ ከ1632 በኋላ ዐፄ ፋሲለደስ እነዚህን መምህራን ሲያስወጡ እርሳቸውም ከአገራቸው ወጡ። ስለዚህ ወደ ሮማ የመጡት እንደ ተማሪ ወይም እንደ ጐብኚ አልነበረም፤ እንደ ስደተኛ ነበር።

ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም፤ አባ ጎርጎርዮስም ላቲን አያውቁም። በመጀመሪያ የተግባቡት በጣልያንኛ ነበር፤ ቆይቶ ግን ንግግራቸውም ደብዳቤያቸውም በግዕዝ ሆነ። ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ግዕዝ ለመነኵሴው የቅዳሴና የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ ውኃ የሚጠየቅበት፥ ስለ መንገድና ስለ ብርድ የሚወራበት ቋንቋ አልነበረም። ለሉዶልፍም የብራና ቋንቋ ነበር። ሁለቱም ከአፍ መፍቻቸው ውጭ ወጥተው፥ አንዱ ሌላውን በማይበልጥበት ስፍራ ላይ ተገናኙ ለማለት ይቻላል።

ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ በጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት አገልጋይ ሆነ። መስፍኑ በሃይማኖታቸው የሉተር ተከታይ፥ ትምህርትንም የሚወዱ ሰው ነበሩ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ያበቃው በ1648 ነበርና ጀርመን ገና ከጥፋቱ አላገገመችም፤ ሰላምን በሚያስታውስ ስም ፍሪደንሽታይን ያሉት አዲሱ ግንባቸውም ገና በመሠራት ላይ ነበረ። ስለ መነኵሴው በሰሙ ጊዜ ከሮማ አስጠሯቸው፤ አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ጎታ ገቡ።

በአገራችን ልማድ ተማሪ መምህሩን ፍለጋ ከአውራጃ አውራጃ ይሄዳል፤ በመምህሩ ደጅ ጎጆውን ይቀልሳል፥ ለምኖ ይማራል። በጎታ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ የአልፕስን ተራሮች አቋርጠው ወደ ተማሪው ደጅ ሄዱ። መስፍኑና አማካሪዎቻቸው ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓትና ስለ ሕዝቡ ልማድ ጠየቋቸው፤ ሉዶልፍ አስተርጓሚ ሆነ፤ መልሱም ተጻፈ። ከጥያቄዎቹ መካከል የሃይማኖቱ ጥያቄ ከፍ ያለ ስፍራ መያዙ የሚያስገርም አይደለም። ከሮማ ጳጳስ ሥልጣን ውጭ የምትኖር ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መገኘቷ ለሉተር ተከታዮች ትልቅ ነገር ነበረ። መልስ ሰጪው ግን ስለ ሮማ ሃይማኖት ከአገራቸው የወጡና በሮማ የተጠጉ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ጠያቂው ምን ሊሰማ እንደሚወድ፥ ተጠያቂውም ከየት ቆሞ እንደሚናገር ሳይመረምሩ ይህን ቃል እንዳለ መቀበል ለታሪክ ጸሐፊ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ሥራ ግን ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ተቀምጠው የሠሩት ነው። ሉዶልፍ ቃል በቃል ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ያስረዳሉ፤ ግዕዙን አልፈውም ወደ አማርኛው ይገባሉ። ጊዜው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ፍሬው ግን ግማሽ መቶ ዓመት ሙሉ ሲለቀም ኖረ። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተመ። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን በፍራንክፈርት ወጣ፤ ይህም ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ፥ ስለ መንግሥቱ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ስለ ኑሮውና ስለ ጽሕፈቱ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው። በ1691 የዚህ ታሪክ ሰፊ ሐተታ፥ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተከተሉ። አማርኛ በአውሮፓ በመጽሐፍ ተዘጋጅቶ ሰዋስው የታተመለት በዚህ ጊዜ ነው።

የሉዶልፍ ብልኀት ሁለት ነገር ማስተያየቱ ነው። በአንድ ወገን የፖርቱጋል መነኮሳት ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት አለ፤ በሌላው ወገን በአገሩ ተወልዶ ያደገ ሰው ቃል አለ። ስለ ቄሱ ዮሐንስ ይነገር የነበረውን ተረት ከእውነተኛው ታሪክ ለመለየት የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ጕድለቱም ከዚሁ ይወጣል። ምስክሩ አንድ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውም መነኵሴ፥ የአንድ አውራጃ ተወላጅ፥ አገራቸውን ከተለዩ ብዙ ዓመታት ያለፏቸው ነበሩ። ገበሬው፥ ሸማኔው፥ ሴቲቱ፥ ከደጋው ውጭ የሚኖረውም ሕዝብ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በራሱ አፍ አይናገርም። የሕዝብን ልማድ ለሚያጠኑ ሰዎች ይህ ዛሬም የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ከአንድ ደግ መምህር አፍ የተቀዳ ዕውቀት ሳይታወቅ የአገር ሁሉ ዕውቀት ሆኖ ይቀራልና።

ሉዶልፍ ራሱ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1704 ሞተ። መስፍኑ በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ዮሐን ሚካኤል ዋንስሌበንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩት። ይህ ሰው ቋንቋውን ተምሮ፥ በሎንዶኑ መጽሐፍ ኅትመትም ሠርቶ የሄደ ስለ ነበረ ዝግጅት አልጐደለውም፤ ሆኖም ከግብፅ አላለፈም፤ በኋላም ወደ ሮማ ገብቶ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወደ ጣልያን ተመለሱ፤ ከሉዶልፍም ጋር በግዕዝ ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አላቋረጡም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መርከባቸው በእስክንድሩና ባሕር ተሰብሮ ሰጠሙ። ስለ ጀርመን ያዩት፥ ስለ ሰዎቹ የፈረዱት፥ በጥያቄው ብዛት የተደሰቱበት ወይም የታከቱበት ከእርሳቸው ጋር ቀረ። በጎታ የእርሳቸው መልስ ተጽፏል፤ እርሳቸው ያቀረቡት ጥያቄ ግን ተጽፎ መጽሐፍ አልሆነም። ደብተሩ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ነበረና።

ዛሬ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ ይህም የሚገባው ክብር ነው። ሉዶልፍም በበኩሉ መምህሩን አልደበቀም፤ ስማቸውን በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ጠርቷል፥ ሥዕላቸውንም አሳትሟል። ሆኖም በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የዕውቀት ልዩነት አልነበረም፤ አንዱ የሰማውን ጽፎ ለማተሚያ ቤት ለማድረስ መቻሉ፥ ሌላው አለመቻሉ ነው። ከአባ ጎርጎርዮስ በኋላ ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ጕዞ የሚመረመረው በተማሩት ብቻ ሳይሆን፥ ስለሄዱበት አገር በራሳቸው እጅ ጽፈው ባመጡት ጭምር ነው።