ውሃና ትምባሆ፦ ከጋያ ቅል እስከ ሲጋር ሣጥን

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በባሕር ንግድ ወደ ሌሎች አህጉራት ሲዛመት፣ በየደረሰበት ሀገር የተለየ ዕቃና የተለየ አያያዝ ወልዷል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የታወቀው ማጨሻ ጋያ ሲሆን፣ እርሱም ውሃ የሚያዝበት ቅል፣ ትምባሆና ፍም የሚቀመጡበት የሸክላ ራስና ጢሱ የሚሳብበት ዘንግ ያለው ነው። ለጋያ የሚቀርበው ትምባሆ ተወቅጦ፣ ተጠፍጥፎ የደረቀ ስለሆነ እርጥበቱን የሚጠብቅ ሣጥን አላሻውም፤ ውሃ ከትምባሆው ጢስ ጋር የሚገናኘው በሚጨስበት ሰዓት ብቻ ነውና።

ሣጥን ላለመኖሩ ሌላም ምክንያት ሳይኖር አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ትነቅፍ ነበር፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጥብቀው ስለከለከሉት፣ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት ማለትም በአፍንጫ የሚሳብ የትምባሆ ዱቄት የወሰደም አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስከትል ነገር የሚደበቅ እንጂ በተጌጠ ሣጥን ለእንግዳ የሚታይ ሊሆን አይችልም። በኋላ ግን መንግሥት ራሱ ባለቤት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል፣ ማለትም የማምረትና የመሸጥ ብቸኛ መብት፣ በሕግ ተቋቋመ፤ ቅጠሉ በሸዋ ሮቢትና በብላቴ እርሻዎች እየተመረተ በወረቀት ተጠቅልሎ ኒያላን በመሰሉ ፓኬቶች ገበያ ገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ሲጋራ የተከተፈ ትምባሆ በወረቀት የተጠቀለለበት ሲሆን፣ ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ብቻ ነው፤ ሙሌቱን ማያዣ ቅጠል ያስረዋል፣ ከላይም ስስ መሸፈኛ ቅጠል ይለብሳል። ቅጠሉ ከተጠቀለለ በኋላም ቀስ እያለ መብሰሉን ስለሚቀጥል፣ ከጋያው ትምባሆ በተቃራኒ ውሃን የሚሻው በማከማቻው ውስጥ ነው። ሂዩሚዶር የሚባለው ሣጥን የተፈጠረው ለዚህ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ፣ ከ65 እስከ 72 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል።

የሣጥኑ ምስጢር በእንጨቱ ላይ ነው። ውስጡ የሚለበጠው የስፔን ሴዳር በሚባለው እንጨት ሲሆን፣ ይህ ዛፍ ስሙ ቢያሳስትም የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካ ተወላጅና የማሆጋኒ ዘመድ ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ ቀይ ሴዳር የሚባለው ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ስለሆነና ጠንካራ ሽታው ቅጠሉን ስለሚበክል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ ያረጀ ሂዩሚዶር የሚጠግን የአዲስ አበባ አናጢ ሴዳር የሚለውን ስም ተከትሎ በጥድ ቢለብጠው ሣጥኑን ያበላሸዋል።

አሮጌ ሣጥን ለረጅም ጊዜ ባዶውን ከቆየ እንጨቱ ይደርቅና ሲጋሮቹን ከማርጠብ ይልቅ እርጥበታቸውን ይመጥጣል። በዚህ ምክንያት አስቀድሞ የተጣራ ውሃ የያዘ ትንሽ ዕቃ ከውስጡ ተቀምጦ ለቀናት ይዘጋል፤ በውሃ መንከር ግን የድሮውን የእንስሳት ማጣበቂያ ስለሚያላቅቅ ጎጂ ነው። የእርጥበት መለኪያው ሃይግሮሜትርም መፈተን ያለበት ሲሆን፣ በጥቂት ውሃ የራሰ ገበታ ጨው አጠገብ በታሸገ ከረጢት ሲቆይ 75 በመቶ ካላነበበ የሚናገረው ልክ አይደለም።

ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው በአዲስ አበባው የለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ይህ የእርጥበት ጥበቃ የራሱ ወቅት አለው። በፉሪ-ለቡ ጣቢያ የሚያልፈው፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር የሚነሣው ከሞቃቱና ከወበቃማው የጅቡቲ ጠረፍ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚመጣ የሲጋር ሣጥን በሙቀቱ ውስጥ ሲቆይ በቅጠሉ ያደፈጠው የትምባሆ ጥንዚዛ ዕንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። ደጋው ሲደርስ ብርዱ ጥንዚዛውን ያዘገየዋል፤ ፈተናው ወደ እርጥበት ይዞራል። በበጋ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ውሃው ቶሎ ቶሎ መሞላት ሲኖርበት፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ስለሚገባ ውሃውን ማውጣት ይሻላል፤ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራልና። በበጋ የደረቀ አሮጌ ሲጋር በአንድ ጊዜ ወደ እርጥብ ሣጥን ከገባ ሙሌቱ አብጦ መሸፈኛውን ይሰነጥቀዋል፤ እርጥበቱ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲጨመርለት ግን ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ በድርቀቱ ዘመን የተነነው ዘይቱና መዓዛው ግን አይመለስም።