የፍተሻ ሪፖርት ያልነገረን

ከዓመታት በፊት በአንድ የካሳ ክርክር ላይ የቦይለር ፍተሻ ሪፖርት እጄ ገባ፡፡ «በአጠቃላይ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይላል፡፡ የትኛው ቦይለር? ፋብሪካው ሦስት ነበሩት፤ መለያ ቁጥር ግን አልተጻፈም፡፡

ሴፍቲ ቫልቩስ? በኋላ እንደተረዳሁት ቦይለሩ በዕለቱ ቀዝቅዞ ስለነበር ጭራሽ አልተሞከረም፡፡ አለመሞከሩ ነውር የለውም፤ ነውሩ አለመጻፉ ነው፡፡ ደንበኛው ዝምታውን «ደኅና ነው» ብሎ አነበበው፡፡

የፍተሻ ድርጅቶችን የሚመለከተው የአይኤስኦ/አይኢሲ 17020 ደረጃ የ2012 (እ.ኤ.አ.) እትም የፍተሻውን ቀን፣ የዕቃውን መለያ፣ ውጤቱንና ያጸደቀውን ሰው ፊርማ ወይም ማረጋገጫ በግዴታ ይጠይቃል፡፡ ከታዘዘው ሥራ ሳይከናወን የቀረውን መግለጽ ግን በአባሪው ላይ ከአማራጮቹ ተርታ ነው ያለው፡፡ እኔ ብሆን ግዴታ አደርገው ነበር፤ ያውም በመጀመሪያው ገጽ፤ ሥራ አስኪያጅ ከዚያ አልፎ ሲያነብ ብዙም አላየሁምና፡፡

«ዝገት ታይቷል» ማለትም አይበቃም፡፡ የብረቱ ውፍረት የት ቦታ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ተለካ? የሚፈቀደው ዝቅተኛው ስንት ነው? «በአፋጣኝ ይስተካከል» የሚለው ደግሞ ለእኛ ለሕግ ሰዎች እንጀራ ነው፡፡ ቦይለሩ ከመለኮሱ በፊት ነው ወይስ በወር ውስጥ? ከጎኑ የሚቆመው ሠራተኛ እንደሆነ ሪፖርቱን አያየውም፡፡