ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ፦ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትና የሕዝብ ብቃት ጥያቄ

ዴሞክራሲ ለታዳጊ የአፍሪካ አገር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቅኝ አገዛዝ ነፃ ከወጡት መንግሥታት ጋር ተያይዞ ነው። በአገራችን ግን ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ በሕግ ሰፍሮ ይገኛል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጹ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ለጊዜው እንዲመርጡ ደነገገ። ብቃቱ በምን እንደሚለካና መቼ እንደሚደረስበት ግን አልተነገረም። ይህ ጽሑፍ ቀን ያልተቆረጠለት ይህ ቀጠሮ ያስከተለውን ለማሳየት ይሞክራል።

ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር ደራሲም ናቸው። አብነት ያደረጉት በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለቱ ሕጎች የበላይ ሥልጣንን ለንጉሠ ነገሥቱ በመስጠት ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ጃፓን ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታችኛውን ምክር ቤት አባላት በምርጫ ትሰይም ነበር። መራጩ በሚከፍለው ግብር የተወሰነ፣ ከሕዝቡም ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ሆኖም ቁጥሩ እየሰፋ ሄዶ በ1925 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 25 የሞላ ወንዶች በሀብት ሳይለዩ የመምረጥ መብት አገኙ። የእኛ ሕግ ግን ልምምዱን ሳያስጀምር ችሎታውን ጠበቀ።

የዘመኑ ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጥቂት ነበር፤ የየአውራጃውን ገዥ ለማዕከላዊ መንግሥት ማስገዛቱም ገና አላለቀም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ አቋም ሊጠቀስ ይችላል። ዳሩ ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ከታቀፈችው ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ ቀጠሮው የደረሰ መሰለ። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለወንዱም ለሴቱም የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ የመረጠው የመጀመሪያው ምክር ቤት ሥራውን ጀመረ። ከተመራጮቹ አንዷ ደራሲዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው ድምፅ ቢሰጥም እንደ እርሱ ያለውን ሰው ሊልክ አልቻለም። ውጤቱ በመሬት ጉዳይ ታየ። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ለማስተካከል በዘውዱ ዘመን መጨረሻ የቀረበው ረቂቅ፣ የባለመሬቶች ተጽዕኖ በበረታበት ምክር ቤት ተጓትቶ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን ሲበትን የኔ ነው ብሎ የቆመለት ሕዝብ አልነበረም። ያ ሕዝብ ያልበቃ ስለ ነበር ሳይሆን፣ ምክር ቤቱ በዋናው ችግሩ ላይ ስላልሠራለት ነው።

ድህነት ራሱ እንቅፋት ነው ለሚል የቦትስዋና ታሪክ መልስ ይሰጣል። በ1966 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሆች አገሮች አንዷ ነበረች፤ አልማዟም ገና አልተገኘም ነበር። ቢሆንም የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ከነፃነቱ ቀድማ በ1965 እ.ኤ.አ. አካሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ምርጫው አልተቋረጠም። «ክጎትላ» የሚባለው፣ ሰው በአለቃው ፊት ሐሳቡን የሚናገርበት የቆየ ሸንጎ ለዚህ አግዟታል። እንከን አልነበራትም አይባልም። አንድ ፓርቲ 58 ዓመት ገዝቷል፤ የሳን ሕዝቦችም ከካላሃሪ መሬታቸው ተነሥተዋል። ነገር ግን በ2006 እ.ኤ.አ. ለሳኖቹ የፈረደላቸው የአገሪቱ ፍርድ ቤት ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ገዥው ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን በሰላም አስረክቧል።

የቦትስዋና ሕዝብ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ታሪኳን እንዳለ ወደ ሌላ አገር መገልበጥ አይቻልም። የሁለቱ አገሮች ልምድ ግን ጥያቄውን ወዴት ማዞር እንደሚገባ ያመለክታል። ሕዝቡ ለዴሞክራሲ በቅቷል ወይ ከማለት በፊት፣ መንግሥት በምን ጉዳይ ላይ እንዲወስን ፈቀደለት ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በመሬቱ ላይ እንዲናገር ያልተፈቀደለት ገበሬ ስለ ብቃቱ ሊመዘን አይገባም።