«ትንፋሽ» ከወዴት መጣ?

«ትንፋሽ» የሚለውን ቃል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዋሽንትና እምቢልታ የትንፋሽ መሣሪያ ይባላሉ፤ የደከመው ሯጭ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ቁና የእህል መስፈሪያ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕዝባችን የማይጨበጠውን አየር እንደ ጤፍ ሰፍሮ ነው የሚናገረው።

እኛ ተማሪዎቹ ግን ብዕር ስናነሣ ትንፋሽን እንሸሻታለን፤ «እስትንፋስ» እንላለን። ለምን ቢሉ፣ እስትንፋስ የሊቃውንት፣ ትንፋሽ ደግሞ የገበያ ቃል ትመስለናለች። ዕብራይስጥ የቀመሰ ወዳጅ ቢኖረን ደግሞ፣ «ዕብራውያን ነፍስን ኔፌሽ ይላሉ፤ የትንፋሽ ‹ሽ› ከዚያ የመጣች ናት» ሊለን ይችላል። እስቲ ሁለቱንም እንመርምር።

መነሻው ነ-ፈ-ሰ የሚባለው ሥር ነው። ግእዝ ከዚህ ሥር ነፍስን፣ ነፋስን፣ መንፈስን፣ እስትንፋስን አውጥቷል። ዐረብኛም «ነፍስ» ሲል ነፍስን፣ «ነፈስ» ሲል ትንፋሽን ይጠራል። በሸክላ ጽላት ተጽፎ የቆየው የጥንቱ አካድኛ ሕይወትን «ናፒሽቱ» ይላታል። እንግዲህ ሥሩ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ርስት ነው፤ አንዱ ከሌላው የተበደረው አይደለም። ነፋሱም፣ ትንፋሹም፣ ነፍሱም ከአንድ ማኅፀን ወጥተዋል ማለት ነው። ሰው መሞቱ የሚታወቀው ትንፋሹ ሲቆም ነውና፣ የጥንት ሰዎች ሕይወትን በትንፋሽ ስም መጥራታቸው አያስገርምም።

ታዲያ «ሽ» ከየት መጣች? ከራሱ ከአማርኛ! ቆረሰ ብለን ቁራሽ እንላለን፤ ከሰሰ ብለን ከሳሽ፤ ለበሰ ብለን ለባሽ። «ስ» ብቻ አይደለችም፤ ቆረጠ ቁራጭ ይሆናል፤ ቀደደም ቅዳጅ። በቃሉ መጨረሻ የነበረችው የ«ኢ» ድምፅ የፊተኛዋን ፊደል አለስልሳ እሷ ትጠፋለች። ተነፈሰ ትንፋሽ የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ከዕብራይስጥ ቢመጣማ ኖሮ ነፋስም ነፋሽ፣ ነፍስም ነፍሽ በሆኑ ነበር።

ምስክሩ ፊደላችን ነው። ግእዝ «ሸ» የሚባል ፊደል የለውም። የአማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ድምፅ ለመጻፍ በ«ሰ» ራስ ላይ ምልክት ጨመሩባት። «ተ»ን «ቸ»፣ «ደ»ን «ጀ»፣ «ጠ»ን «ጨ» ያደረጉትም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ያየ የድምፁን ታሪክ ያነባል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በዘር በዘራቸው የሰበሰቡት ይህን ዝምድና እንድናይ ነው። በዚህ መንገድ ላየው ሰው፣ ትንፋሽ የእስትንፋስ ብልሹ ቅጂ አይደለችም። እስትንፋስ በግእዝ ሕግ፣ ትንፋሽ በአማርኛ ሕግ የተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው።

አንዲት ታናሽ እኅትም አለቻቸው፤ «ትንፍሽ»። ይህችን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማት ከአሉታ ጋር ነው። «ትንፍሽ እንዳትል!» ይላል አባት ልጁን፣ ጌታ አሽከሩን፣ አለቃ ምንዝሩን። «ትንፍሽ ያለ የለም» ይባላል፣ ስብሰባው በፍርሃት ሲያልቅ። አማርኛ እዚህ ላይ መናገርን ከመተንፈስ ጋር አንድ አድርጎታል። አትናገር የተባለው ሰው አትተንፍስ ተብሏል፤ ትንፋሽና ነፍስ ደግሞ የአንድ ሥር ልጆች መሆናቸውን ከላይ አይተናል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሕዝቡ ነው፤ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ በአነጋገሩ ያውቀዋል።

እንግዲህ እስትንፋስን ጣሉ አንልም። ስለ ፍጥረትና ስለ ሕይወት ስንጽፍ ክብሯ ይገባታል። ነገር ግን ሸክም ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደዋን እናት ስንጽፍ፣ እስትንፋሷ ተቆራረጠ ከማለት ትንፋሽ አጠራት ብንል ምን ይጎድልብናል? እሷ ራሷ የምትለው እንደዚያ ነው።